ለአንድ ቀን የተዋሱት ሶፋ

"እማ... ይሄ ሶፋ የማነው?!"

ልጅቷ ደብተሯን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

ጠዋት ትታው የወጣችው ክፍል አልነበረም። ቡናማ ሶፋ... ትልቅ ቴሌቪዥን... ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የሸፈነ መጋረጃ...

"ከማይክራፎን ተዋስኩ" አለች እናት ፈገግ ብላ። "ሰው ሲመጣ ባዶ ቤት ላሳይ እንዴ?"

ማይክራፎን ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ድምጿ ሦስት ግቢ ያቋርጣል... ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው።

ልጅቷን ባር ባር አላት። የሚመጣው ተራ እንግዳ ሳይሆን ልትማርበት ካመለከተችበት የግል ዩኒቨርሲቲ የተላከ አጣሪ ኮሚቴ ነዋ!

የመግቢያ ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፋለች። ለችግረኛ ልጆች በነፃ ከሚሰጠው ቦታ ግን የቀረው አንድ ብቻ ነው። እናቷ ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ናት፤ አባት የለም። ይሄ ካመለጣት በቃ... አለቀ።

"እማ ነግሬሽ ነበር'ኮ! የሚመጡት ችግራችንን ሊያዩ ነው!"

"ነግረሽኛል። ግን ልጄን ማንም እያዘነ እንዲያያት አልፈልግም። ጉብዝናሽን አይተው ይስጡሽ!"

"አሁኑኑ እንመልሰው በናትሽ..."

በሩ ተንኳኳ።

መነጽር ያደረገ ሰውዬና ፋይል የያዘች ወጣት ገብተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ሰውዬው ቴሌቪዥኑን አየ... ጻፈ። መጋረጃውን አየ... ጻፈ።

ልጅቷ እስክሪብቶውን በዓይኗ ተከተለች።

"ዕቃው የኛ አይደለም" ብትል እናቷን በሰው ፊት ውሸታም ልታደርጋት ነው። ዝም ካለች ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ቀረ። በገዛ ቤቷ መፈናፈኛ አጣች።

"ቤታችሁ... ደህና ነው" አለ ሰውዬው።

"እግዜር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብን!" አለች እናት።

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

ይሄኔ በሩ ብርግድ አለ። ማይክራፎን! ሁለት ወንድሞቿን አስከትላለች።

"ሶፋዬን! ቴሌቪዥኔን! መጋረጃውንም አውርዱልኝ! በሰው ዕቃ መኩራት ምን የሚሉት ነው?!"

"ኧረ ስለ ፈጠረሽ... ሰው አለ..." አለች እናት።

"ካለስ? ባለሽ ነገር ላይ አስቀምጫቸዋ!"

ኮሚቴው ግራ ተጋብቶ ከሶፋው ተነሳ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ክፍሏ ውስጥ አንድ ፍራሽና ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ቀረ። መጋረጃው ሲወርድ የተሰነጠቀው ግድግዳም ታየ። እናት ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ልጅቷ ያቺን ሴትዮ ከልቧ ጠላቻት።

በሳምንቱ ስሟ ተለጠፈ። ነፃውን ቦታ አግኝታለች! ግን ደስታውን ትታ በቀጥታ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደች።

"እትዬ፣ ተሳክቶልኛል። እናቴን ያዋረዱበትን ቀን ግን እስክሞት አልረሳውም!"

ማይክራፎን የስፌት መኪናዋን አቆመች። ያ ድምጿ እንኳን ዝቅ አለ...

"እናትሽ ዕቃውን ስትወስድ ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ሰዎቹ ቤታችሁን ሲያፈላልጉ የጠየቁት እኔን ነው። ጉዳዩን ሲነግሩኝ ክው አልኩ! 'ችግረኞች ናቸው' ብላቸው፣ 'ጎረቤት ሁሉ እንደዚያ ይላል፣ እኛ በዓይናችን ያየነውን ነው የምንጽፈው' አሉኝ። በቃ... በዓይናቸው እንዲያዩ አደረግኩ።"

ልጅቷን እንባዋ ቀደማት።

"ታዲያ ለእማ ለምን አይነግሯትም?"

"የልጄን ዕድል በገዛ እጄ ላበላሸው ነበር ብላ ስትብሰለሰል ልትኖር? ተይ፣ እኔን ትጥላ! አደራ እንዳትነግሪያት።"

ልጅቷ ቃል ገባች።

ይኸው አሁን ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። እናቷ ግን ዛሬም ልብስ ሰፊዋን መንገድ ላይ ስታያት ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ልጅቷም የእናቷን ክንድ ይዛ፣ መሬት መሬት እያየች አብራት ታልፋለች። ሰላም ማለት እንኳን አልቻለችም...

ወዳጆቼ፣ አንዳንድ ሰው ውለታ የሚውልላችሁ ስሙን አጥፍቶ ነው። ያስቀየማችሁን ሰው ለመርገም አትቸኩሉ።

ደግሞ ልናገረው... አንዲት ጎበዝ ልጅ ለመማር ብላ የቤቷን ገመና ለምን ማሳየት እንዳለባት እኔ እስካሁን አልገባኝም!

እናንተ በልጅቷ ቦታ ብትሆኑ ለእናታችሁ እውነቱን ትነግሯት ነበር ወይስ ቃላችሁን ትጠብቁ ነበር? እስቲ ከታች ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።