ያበጠ በር

አናጢዋ የአባቷን መኝታ ክፍል በር እየነቀለች ስትልግ ይህ አራተኛ ቀኗ ነው። ነፋሱ የታመመ ደረታቸውን እንዳይመታው በሩ መግጠም አለበት፤ እሱ ግን አሻፈረኝ ብሏል። እንጨት ሲረጥብ ያብጣል፤ ዝናብ ካየን ግን አምስት ወር አልፎናል።

«ሙያሽን የት ጣልሽው?» አሉ አባቷ ከአልጋቸው ላይ ሆነው።

«እንጨቱን የመረጡት እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ አባዬ?»

መዝጊያውን በሜትር ለካችው። አላበጠም፤ በአራቱ ቀን የላገችውን ያህል፣ ስምንት ሳንቲሜትር፣ ጠቧል። ከዚያ መቃኑን ለካችው። እሱም ስምንት ሳንቲሜትር ጠቧል። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ሜትሯን ኪሷ ከተተችና እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«አባዬ፣ ይነሱ፤ ሳሎን እንሂድ።»

«በየት በኩል ልውረድ፣ ልጄ? ግድግዳው እኮ በግራም በቀኝም አልጋዬ ድረስ መጥቷል።»