እናትዓለም በገዛ እጇ የሞላችው ዓመት

«ነጩን ቀሚስ ይዘሽ ነይ። አስር ሰዓት፣ ጀልባ መሳፈሪያው ጋ።»

እናትዓለም ይህን ከልጇ ስልክ ላይ ስታነብ አስር ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር...

ጸሎት ገና አስራ ሁለት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ስልክ ስለማይፈቀድ ቤት ትታው ትሄዳለች።

የጻፈላት ገድሉ የሚባል ሰው ነው። እናትዓለም አታውቀውም።

ቁም ሳጥኑን ከፈተች... ለጥምቀት የተሰፋላት ነጭ ቀሚስ የለም።

ከሰፈሯ ከግሽ አባይ ባጃጅ ይዛ ወደ ሐይቁ ከነፈች። የማታውቀው ቁጥር ሦስት ጊዜ ደወለላት። ፈርታ አላነሳችም።

ቅዳሜ ዕለት በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህርት ፅጌ ማርያም የተናገረችው ትዝ አላት። በሌላ አገር ለልጆች የሶሻል ሚዲያ የዕድሜ ገደብ እየወጣ ነው፤ እኛ ጋ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ የተመዘገበውን ዕድሜ እዩ ብላ ነበር።

እናትዓለምም ተነሥታ፣ «የኔ ልጅ አልዋሸችም። ገጹን የከፈትሁላት እኔ፣ የትውልድ ዓመቱንም የሞላሁት እኔ» አለች።

ተጨበጨበላት...

ስትደርስ ጸሎት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ ነጩን ቀሚስ ጭኗ ላይ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ጀልባ ነጂው ጋሽ ሙሀመድአወል አሉ። ራቅ ብሎ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት ቆሟል።

እናትዓለም ወጣቱን ልታንቀው ተንደረደረች።

«ተይ ልጄ» አሏት ጋሽ ሙሀመድአወል። «እኔን የጠራኝ እሱ ነው። ‹ሕፃን ናት፣ እናቷ እስክትመጣ አብረዋት ይቀመጡልኝ› ብሎ። ስንደውልልሽ አላነሣሽም።»

ገድሉ አቀርቅሮ ስልኩን ዘረጋላት። ለፎቶ ቤቱ ማስታወቂያ ፎቶ የምትነሣ ወጣት ሲፈልግ ነው ገጿን ያገኘው። በፎቶው ትልቅ ትመስላለች። ከሥሩ «ዕድሜ፦ 20» ይላል።

«ማነው የዋሸው?» አለች እናትዓለም።

ጸሎት እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እማዬ... አንቺ የጻፍሽው ነው። 2006።»

ልክ ነው። በ2006 ነው የተወለደችው...

በእኛ አቆጣጠር።

ስልኩ የሚቆጥረው ግን በፈረንጆቹ ነው። እናት በገዛ እጇ በልጇ ላይ ስምንት ዓመት ጨምራባታለች። የዕድሜ ገደቡ ነገ ቢመጣ እንኳ ጸሎትን አያገኛትም ነበር... ስልኩ ዘንድ ትልቅ ሰው ናት።

ማታውኑ አብረው ተቀመጡ። የጓደኞቿን ቁጥር በደብተር ጻፉ፣ ፎቶዎቿን አስቀመጡ፣ ገጹን ዘጉ።

«ከእንግዲህ ማንም ቢጽፍልሽ ትነግሪኛለሽ?»

«አትቆጭኝም?»

እናትዓለም ይኼኔ ገባት። ልጇ ያልነገረቻት ለካ እሷን ፈርታ ነው...

✍️ ሕግ ልጆቻችንን የሚጠብቀው እኛ በሞላንለት ዓመት ነው። ገድሉ ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ቀጥሎ የሚጽፍላት ማን እንደሚሆን ግን ማንም አያውቅም።

እናንተስ... የልጃችሁን ገጽ ስትከፍቱ የትኛውን ዓመት ሞላችሁ? አሁኑኑ አይታችሁ ያገኛችሁትን ጻፉልን።