የእስክንድር ጠበቃ

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በየዓመቱ አንድ የጥንት ሰው ለፍርድ ታቀርባለች። ከሳሽ ይቆማል፣ ጠበቃ ይቆማል፣ ሕዝቡ እጅ አውጥቶ ይፈርዳል። ዘንድሮ ተራው የእስክንድር ነበር። ጥያቄው አጭር ነው፤ «ታላቁ» የሚለው ስም ይገባዋል ወይስ አይገባውም?

ለከሳሽነት የታሪክ መምህሩ ተመረጠ። ለጠበቃነት ደግሞ የእህቱ ባል፣ ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ቁልፍ ጠጋኝ ነኝ» አለ ሃምሳ አለቃው።

ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል መለሰችለት። «ለልጄ ስታወራለት ታውቅ ነበር። አሁን ደግሞ ሰው ፊት አውራ።»

ከዚያ በኋላ እምቢ አላለም።

ልጃቸው ጦር ግንባር ላይ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ለእናቱ ነበር። ሳይነግራት ነው ተመዝግቦ የሄደው። በዚያ ጠዋት ባሏም ቤት አልነበረም። ወደ ማታ የኮቱ እጅጌ ከትከሻው ተተርትሮ መጣ።

«ልጄስ?» አለችው።

«ሄደ» አላት።

እጅጌውን ሰፋችለት። መርዶው ሲመጣ ግን «አንተ ነህ መርቀህ የሸኘኸው» ብላ ጮኸችበት፤ እሱም አልካደም። ከዚያ ወዲህ ምግቡን ታቀርብለታለች እንጂ አብራው አትበላም።

ሰፈሩም የእሷን ፍርድ ተቀበለ። አባትየው የድሮ ወታደር ነው፤ ልጁ ያደገው የጦር ወሬ እየሰማ ነው፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ቁልፍ የሚያስጠግኑ ሴቶች እንኳ ሥራውን አስጨርሰው፣ ደህና ዋል ሳይሉት ይሄዱ ጀመር።

እሷን ያጽናናት ወንድሟ ነው። በሐዘኑ ሰሞን መምህሩ ከክፍሉ ግድግዳ ላይ የእስክንድርን ሥዕል ነቅሎ ጣለ። ይህን የሰማች እህቱ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። በየሳምንቱ ይመጣል፣ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ክር በመርፌ ያስገባላታል። ዓይኗ ደክሟል።

«ወንድሟ ባይኖር አብዳ ነበር» ይላሉ ጎረቤቶች።

«እሱስ እውነት ነው» ይላል ሃምሳ አለቃው። «ከሱ ሌላ ዘመድ የላትም።»

የፍርዱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ተቀመጠች፤ ከወንድሟ በኩል እንጂ ከባሏ በኩል አልነበረም።

መምህሩ አፉ ማር ነው። ጢሮስ እንዴት እንደተከበበች፣ የተረፈው ሕዝብ እንዴት ለባርነት እንደተሸጠ ተናገረ። ከሞት ያዳነውን ወዳጁን በስካር በጦር ወግቶ መግደሉን ተናገረ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ታሪክ የፈረሱን ስም ይዞልናል። ልጆቻቸውን የቀበሩትን እናቶች ስም ግን ማን ያውቀዋል?»

አዳራሹ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ነበር። እህቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ሃምሳ አለቃው ቆመ። ወረቀት አልያዘም።

«እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው» አለ። «ሰውየው ሂዱ አላለም፤ ተከተሉኝ ነው ያለው። ቁስሉን ከወታደሮቹ ጋር ነው የቆሰለው። የሰው ልጅ ወደ እሳት ልኮ እሱ አልጋው ላይ የሚተኛ አለ። እስክንድር እንደዚያ አልነበረም። ታላቅ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም።»

«በራሱ ላይ መሰከረ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሳቅ ተሰማ፤ የሚመር ሳቅ ነበር።

መምህሩ ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። ብርጭቆው ባዶ ነበር።

«አይገባውም የምትሉ?» አለች ኃላፊዋ።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ከሁሉም ቀደመ። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። ኃላፊዋ ለመዝጋት ስትነሣ፣ በሩ አጠገብ በክራንች የቆመ ወጣት ድምፅ ማጉያውን ጠየቀ።

«ከዚህ ሰፈር ልጅ ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ ነበርን» አለ። «ሆስፒታል ቆይቼ ነው እንጂ ቀደም ብዬ እመጣ ነበር። ክንዴ ላይ ነው የሞተው።»

ሃምሳ አለቃው እንደ አራስ ነብር ከመድረኩ ዘሎ ወረደ። ሰው እየገፋ ደረሰና የወጣቱን ክንድ ያዘ።

«ልጄ፣ ይቅር። ና እንውጣ፣ ውጭ እንነጋገራለን።»

«ልቀቀው!» ሚስቱ ብድግ አለች። «አሁን ፈራህ? ይናገር!»

«አንቺ ሴት፣ ስለ ፈጣሪ ብለሽ ተይው፤ ለራስሽ ነው።»

«ለኔ አስበህ አታውቅም። ተናገር የኔ ልጅ። ልጄ ምን አለህ?»

ወጣቱ አንዴ እሷን፣ አንዴ ክንዱን የያዘውን ሽማግሌ አየ።

«ለጦርነት የተፈጠርክ ጀግና ነህ ብሎ ያስመዘገበኝን ሰው ካገኘኸው፣ እንዳታለለኝ ንገርልኝ ብሎኛል።»

 ሰው ሁሉ ዞሮ ሃምሳ አለቃውን አየ። እሱ አንገቱን ደፋ።

«ይኸውልህ አጠገብህ ቆሟል» አለች እናት፣ ባሏን በጣቷ እያመለከተች። «አባቱ ነው። ንገረው!»

«አባቱንማ አውቃቸዋለሁ፤ ከምዝገባው ሰልፍ ጎትተው ሊያወጡት ሲታገሉ እኔ ከኋላው ተሰልፌ ነበር» አለ ወጣቱ፤ ፊቱንም ወደ መምህሩ አዞረ።