የሰነፉ አውሬ

ስልኬ ላይ በከፈትኩት ጨዋታ፣ ግንቡ ላይ አዲስ አውሬ ወጣ፤ ከሥሩ «ሰነፉ» ይላል። ስልኩ ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። ልጄ መጥቷል።

ዛሬ የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ሁሉ ከተማውን የሚያጥለቀልቁበት ቀን ነው። አደባባዩ ላይ ጠጠር መጣያ የለም፤ ሽማግሌ ከወጣት ሳይለይ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሮ በዓይን የማይታይ አውሬ ያድናል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን ነካቸው ብዬ ስቄባቸው ባለፍኩ ነበር። አሁን እኔም ከነመነጽሬ አቀርቅሬያለሁ።

ሴት ልጄ ካስተማረችኝ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ጨዋታው ውስጥ ግንብ ሆኖ የሚታየው ይኸው የአደባባዩ ፏፏቴ ነው፤ አውሬውን እዚያ ማቆም የሚችለውም በአካል አጠገቡ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

የወንዱ ልጄ አባት አናጺ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የሚጣድ ልጅ አልገባ ቢለው አንድ ቀን «ሰነፍ፣ ከቤቴ ውጣልኝ» አለው። ልጁም እልኸኛ ነው፣ ወጣ። ስልክ ቁጥሩን ቀየረ፤ ስድቡን የጨዋታ ስሙ አደረገው። እህቱ የድሮ አውሬውን ባትለይ ኖሮ ይህንንም አናውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ባሌን ቀበርኩ። ታሞ ተኝቶ በር በተንኳኳ ቁጥር «ያ ሰነፍ ነው?» ይል ነበር። ልጄ ይህን አልሰማም። ከሰው አፍ ከሚሰማው እኔው ልንገረው ብዬ ነው የመጣሁት።

ስሙን ጠራሁ። ድምፄን የአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ዋጠው። ጎኔ የቆመችውን ልጅ እግር፣ ባለቤቱ ስሜን እንዲያይ ለዚህ አውሬ ፍሬ ማብላት እፈልጋለሁ፣ አሳዪኝ አልኳት። ስልኬን አየት አደረገችና አንገቷን ነቀነቀች።

«እማማ፣ እሱ ቀይ ቡድን ነው፣ እርስዎ ሰማያዊ ነዎት። መምታት እንጂ ማብላት አይችሉም።»

ሰማያዊውን የመረጥኩት ቀለሙ አምሮኝ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቀለም ሳይ አያስችለኝም።

«ልጄ እኮ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ይምቱት» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሲወድቅ ማን እንደጣለው ስልኩ ይነግረዋል።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኔን ያወጣው ግን ይኸው ልጄ ነው፤ ምላሴ ሲወጋው «መርፌዋ» ይለኝ ነበር። ጨዋታው ላይም ስሜ እሱ ነው።

በዕድሜዬ ልጄ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። አባቱ ቀበቶ ሲፈታ እንኳ መሀል የምገባው እኔ ነበርኩ። ጣቴን ስልኩ ላይ አሳርፌ መታሁት። ደገምኩት። አውሬው ተንገዳገደ፤ መነጽሬ በእንባ ቢጋረድም አላቆምኩም።

ወደቀ።

ካቀረቀረው ሕዝብ መሀል አንድ ራስ ቀና አለ። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል፣ የእኔው ነው። ዙሪያውን ሲያማትር ቆይቶ አየኝ። በልጅነቱ እንደሚስቀው በጥርሱ ሁሉ ሳቀና እጁን ወደ ላይ አነሳ።

ከዚያ ዓይኑ ከፊቴ ወደ ጥቁሩ ሻሼ፣ ከሻሼ ወደ ጥቁሩ ቀሚሴ ወረደ፤ እጁ እንደተነሳ ቀረ።