የባህር ዳርቻውን ካምፕ ሁሉ አልፎ እናቱ ጋ የቆመው ልጅ

«ካምፕህ ውስጥ ሕፃናት አሉ?»

ናና ሉሚንግ ድምፁን ሲሰሙ ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው...

ከቀርከሃው አጥር ባሻገር፣ በጎረቤታቸው በቲኖ በር ላይ መኪና አቁሞ የሚጠይቀው ኤፍረን ነው። የገዛ ልጃቸው!

«ሞልተውልሃል!» አለ ቲኖ። «ቅዳሜ አይደል? ግን ለእናንተ የሚሆን ድንኳን አይጠፋም። ሻወር አለ፣ መብራት አለ፣ ካራኦኬ አለ...»

«እንደሱ ከሆነ ይቅርብን» አለ ኤፍረን።

ከዚያ በፊትም ሁለት ካምፖች ጋ ቆሞ ትቷቸው ሲያልፍ ናና ሉሚንግ በዓይናቸው አይተዋል።

አሁን የቀረው የእሳቸው ብቻ ነው። የዛምባሌስ ባህር ዳርቻ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ያረጁ ድንኳኖችና የጉድጓድ ውሃ እንጂ ሌላ የሌለው የእንግዶች ማደሪያ ካምፕ... ያን ቀን አንድም እንግዳ አልነበራቸውም።

መኪናው ወደ እሳቸው በር ታጠፈ!

አባቱ ከተቀበሩ ወዲህ ኤፍረን እዚህ ድርሽ ብሎ አያውቅም። ሲደውሉለት «ስብሰባ ላይ ነኝ እማዬ» ነው መልሱ። ከማኒላ እዚህ ድረስ መንገዱ የግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም።

ናና ሉሚንግ ደግሞ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር... ልጃቸው አንድ ሌሊት እሳቸው ጋ እንዲያድር።

«ቲኖ!» ብለው በአጥሩ ላይ ጮኹ። «አየኸው? ያንተን ካራኦኬ ትቶ የእናቱን አሸዋ መረጠ!»

«ዛሬማ ማን ይችልዎታል ናና!» አለ ቲኖ እየሳቀ።

አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

ልጃቸው ከመኪናው ሲወርድ፣ እንደ አገሩ ወግ በአክብሮት ግንባሩ ላይ እንዲያደርገው እጃቸውን ዘረጉለት። ኤፍረን ግን እጆቹን ከኪሱ አላወጣም።

«ላብ በላብ ነኝ እማዬ» አለ።

ሚስቱ ግሌንዳ ተከትላው ወረደች። በዚያ ሙቀት ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች።

'ከተሜ ናት፣ ፋሽን ይሆናል' አሉ በልባቸው።

«ልጆቹስ?»

«ፈተና አለባቸው» አለች ግሌንዳ ሰዓቷን እያየች።

«ይሁን፣ በሚቀጥለው ታመጧቸዋላችሁ። ድንኳኑን የት ልትከልላችሁ? ከኮኮናቱ ሥር አይሆንም፣ ፍሬው አናት ላይ ይወርዳል። እዚያ ጋ ደግሞ ማዕበሉ ይደርሳል። እዚህ ይሻላል፣ ነፋሱ ከባህሩ በቀጥታ ይመጣል...»

«የትም ይሁን» አለ ኤፍረን።

ናና ሉሚንግ እግራቸው መሬት አልነካም! ደህናውን ድንኳን አውጥተው ተከሉ። ከዚያ ወደ ጓሮ ሮጡ።

አንድ አውራ ዶሮ ነበራቸው። በዚያ ጭር ያለ ግቢ የሚሰሙት ድምፅ የእሱ ብቻ ነበር... አረዱት። በኮምጣጤና በነጭ ሽንኩርት ጣዱት።

ሲመለሱ ድንኳኑ ባዶ ነው።

ልጃቸውና ሚስቱ የግቢው በር ላይ ቆመዋል... ኤፍረን የሸሚዙን ጫፍ ይዞ ያራግፋል። ግሌንዳ ቀሚሷን ታራግፋለች። አሸዋው ላይ እንኳ አልተቀመጡም፤ የሚራገፍ ነገር የላቸውም።

ናና ሉሚንግ ክው አሉ።

ይህን ማራገፍ ያውቁታል።

በዚያ አገር ለቅሶ ደርሶ በቀጥታ ቤቱ የሚገባ የለም። የሟቹ መንፈስ ተከትሎ ይገባል ተብሎ ይፈራል፣ በተለይ ልጅ ያለበት ቤት። ስለዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ጎራ ይባላል፣ ልብስ ይራገፋል፣ መንፈሱ እዚያው ይቀራል። ሰው ግን ይህን የሚያደርገው ማደያ ወይም ምግብ ቤት ነው እንጂ እናቱ ቤት አይደለም!

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

«አታውቂውም እማዬ» አለ ኤፍረን አንገቱን ደፍቶ። «የግሌንዳ አለቃ ነው።»

«መንገዱ ሙሉ ማደያ ነው እኮ ልጄ...»

«እዚያማ ስንቱ ከነልጆቹ ይቆማል! ሰው ላይ ጥሎ መሄድ ኃጢአት አይሆንም?»

«እኔስ?»

ግሌንዳ የመኪናውን በር ከፈተች።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ብቻዎን ነዎት። ምን ይመጣብዎታል?»

ናና ሉሚንግ ልጃቸውን አዩት። «ኧረ ተይ ግሌንዳ» ይላል ብለው ጠበቁ...

አላለም።

«ዶሮ አርጄላችሁ ነበር» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«ከዚህ ምንም ይዘን ባንሄድ ይሻላል» አለ የወለዱት ልጅ። «ደግሞ አትሸኚን። ለቅሶ የደረሰን ሰው መሸኘት ደግ አይደለም።»

መኪናው አሸዋውን እየበተነ ሄደ።

ቲኖ በአጥሩ ብቅ አለ። «ምነው ናና፣ አላደሩም እንዴ?»

«አንድ እንግዳ ትተውልኝ ሄደዋል» አሉት።

ከዚያ ሁለት ሳህን አወጡ። ሩዙን ጨለፉ። የዶሮውን እግር ከማዶ ባለው በእንግዳው ሳህን ላይ አስቀመጡና፣ ማንም ያልተቀመጠበትን ወንበር እያዩ እንዲህ አሉ...

«ና ብላ። ስምህን እንኳ አልነገሩኝም። ግን አትፈር... እኔንም አንተንም እዚህ የጣለን አንድ ሰው ነው።»

...

ወዳጆቼ፣ ይህን ስጽፍ ተናድጄ ነው።

ኤፍረን ለማያውቃቸው መንገደኞች አዘነ። ለሰው ልጆች ተጨነቀ። ለእናቱ ብቻ ሳያዝን ቀረ።

ብቻዋን ያለች እናት ምንም የማይጎዳት ሰው አይደለችም። ብቻዋን የሆነችው እኛ ትተናት ስለሄድን ነው! ደስታችንን ሌላ ቦታ ጨርሰን፣ ጭንቀታችንን፣ ኪሳራችንን፣ ፍቺያችንን ብቻ ተሸክመን በሯን የምናንኳኳ ስንቶቻችን ነን?

እስቲ በእውነት መልሱልኝ...

እናንተ ለመጨረሻ ጊዜ እናታችሁ ጋ የሄዳችሁት ምን ልታራግፉ ነበር?

ከታች ጻፉ። ልትዋሹ ከሆነ ግን መጻፉን ተዉትና ደውሉላት።