ቦራን ማን ይባርከው

ቢላዋው በአራጁ በካሣዬ እጅ ተስሎ አልቋል። በሬዬ ቦራ ከማህበሩ ቤት ፊት ግንድ ላይ ታስሮ፣ ቀንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሞለት ያመነዥካል። ምን አለበት እሱ!

ትናንት በሬዎቻችንን ለአምራች ማህበሩ አስረከብን። ዛሬ ካድሬው ፍሰሐ ለምሥረታው በዓል የኔውን መርጦ ሊያሳርደው ነው። እኔ አንድ በሬ፣ የጎረቤቴ የዘይቱና ባል ሀሰኖም አንድ፤ ስምንት ዓመት አቀናጅተን ነው ያረስነው። ማሳው የጋራ ሆነ ተብሎ ግማሽ ጥማድ ያርሳል እንዴ? ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

“አንድ ማህበር፣ አንድ በሬ፣ አንድ ድስት!” አለ ፍሰሐ። “ሁለት ድስት የድሮ ሥርዓት ነው። ጓድ ካሣዬ፣ እረድ!”

ዘይቱናን በክርኔ ጎሸም አረኳት። ገና ሳልናገር ሳቋን በሻሿ አፈነች።

“ዘይቱናዬ፣” አልኩ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ “ካሣዬ በስመ አብ ብሎ ከባረከው እናንተ ምን ልትበሉ ነው?”

“እኛማ ጦማችንን እናድራለን። ሀሰኖ ቢስሚላህ ብሎ ይረደው እንዳልል፣ እናንተ ደግሞ ጦማችሁን ልታድሩ ነው!”

ሰዉ አጉረመረመ። ካሣዬ ቢላዋውን ለሀሰኖ፣ ሀሰኖ መልሶ ለካሣዬ። ያቺ ወለላ፣ ለስብሰባ ብላ ከቅዳሴ የምትቀረዋ፣ እሷ እንኳ አማተበች።

“የማንም ስም አይጠራም!” ብሎ ጮኸ ፍሰሐ። “በአብዮቱ ስም ይታረዳል!”

“እንደሱማ ከሆነ ለጅብ ነው፣” አለ ሀሰኖ ቀስ ብሎ። ቢላዋውን ከካሣዬ ተቀብሎ በሁለት እጁ ለፍሰሐ ሰጠው። “በል አንተው እረደው፣ ጓድ።”

ፍሰሐ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዶሮ እንኳ አርዶ አያውቅም፤ አከራዩ ናት የነገረችኝ። ቢላዋውን አየ፣ ካኪ ሱሪውን አየ፣ ቦራን አየ። ቦራ በአፍንጫው እፍፍ አለበት።

“ለዛሬ... ሽሮ ይሠራ።”

ሽሮው በትልቁ ድስት ተሠራ። ካሣዬም ሀሰኖም እኔም ከዚያው በላን።

“አዩ እማማ አልጣሽ? አንድ ድስት ይቻላል ብዬ አልነበር?” አለኝ ፍሰሐ ደስ ብሎት።

“ተቻለ እንጂ ልጄ!” ብዬ አንድ ትልቅ ጉርሻ አጎረስኩት፣ ዞር ብሎ እንዳያይ።

ከጀርባው ዘይቱና ገመዱን ፈታች። ቦራ ቀይ ጨርቁን እንዳንጠለጠለ የሀሰኖ በሬ ወደቆመበት ሄደና፣ እንደለመደው በቀኙ በኩል ቆመ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ።