የቤቱ ሁሉ ድርሻ

ሙሉብርሃን የነመራን ፋሻ በመቆንጠጫ ይዞ ሲገልጠው ግማቱ በአፍንጫው ገብቶ ጉሮሮው ላይ ቆመ። ምነው ሌላ ሥራ በተማርኩ ኖሮ፣ አለ በሆዱ። ስለ ቁስል ጀርም ሊያጠና ከአዲስ አበባ መቱ ሆስፒታል ከመጣ ጀምሮ የሰው መግል ሲቀዳ ነው የሚውለው። ምሳ ሲቀርብለት እንኳ እህሉ አልዋጥ ይለዋል።

ነመራ የሁሩሙ ሰው ነው። ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወደቀና እግሩን ቅርንጫፍ ቦጨቀው። ቁስሉ መጀመሪያ ይህን ያህል አልነበረም። ቴትራሳይክሊን፣ ያ ቀይና ቢጫው ፍሬ፣ በተደጋጋሚ ታዘዘለት። ቁስሉ ግን እንደ ጉድ እየሰፋ ሄዶ ይኸው እግሩ ጠቁሯል።

ሙሉብርሃን ትናንት የነመራን መግል የዘራበትን ሳህን ከማሞቂያ ሣጥኑ አወጣ። በረጋው የበግ ደም ላይ ጀርሙ እንደ ሻጋታ ወጥቷል። መሀሉ ላይ በዚያው መድኃኒት የተነከረች ክብ ወረቀት አለች። መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ በወረቀቷ ዙሪያ ጀርም ዝር አይልም ነበር። ይሄ ግን ጠርዟ ድረስ ግጥም ብሎ በቅሏል። ቀፈፈውና ዓይኑን ግድግዳው ላይ ወዳለው የጃንሆይ ፎቶ ዘወር አደረገ።

"እትዬ ዶሪ፣" አላት የነመራን ሚስት፣ "ጀርሙ መድኃኒቱን ተላምዶታል። ለመሆኑ እንደታዘዘው ነው የዋጠው?"

ዶሪ ቅር አላት። ምን ነውር ሠራንና ነው ብላ አስረዳችው። ፍሬውን ሰብራ ዱቄቱን ከማር ትለውሳለች፤ ማር የገባበት ነገር አይበላሽማ። ከዚያ ለባሏ፣ ለልጆቿ፣ ለአማቷ፣ ራሱን ላመመው ጎረቤት ሳይቀር በጣቷ እየዛቀች ታልሳለች። የተረፈውን በዚያችው ጣት ቁስሉ ላይ ትቀባለች።

"ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ?" አለችው።

ሙሉብርሃን የዶሪን ጣት አየ። ያ ሁሉ አፍ፣ ያቺ ጣት፣ ይሄ ቁስል! ለነመራ የደረሰው ቅምሻ ደግሞ ጀርሙን አይገድለውም፤ ያለማምደዋል እንጂ። ሊቆጣ አፉን ከፈተና ሽታው ስለገባበት መልሶ ዘጋው። ከዚያ የነመራ ሥጋ መሞቱን፣ እግሩ ከጉልበቱ በታች ካልተቆረጠ ነፍሱም እንደማትተርፍ ነገራቸው።

ነመራ እግሩን አየው። "በአንድ እግር ዛፍ አይወጣም" አለ ቀስ ብሎ።

ሙሉብርሃን ሰሞኑን የያዘው ሳል መጣበትና ፊቱን አዙሮ ሳለ። ይሄኔ ዶሪ እንባዋን በነጠላዋ ጠረግ አድርጋ ከጉያዋ አንዲት ትንሽ ቅል አወጣች።

"አይዞዎት ጋሼ። ትናንት መግሉን ሲወስዱ ሲያስልዎት ሰምቼ የእርስዎንም ድርሻ አስቀምጫለሁ። ከነመራ ላይ ነው የቀነስኩት።"

ፋሻውን ሲገልጥ ያገዘችበትን ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ ወደ አፉ አስጠጋችው። ሙሉብርሃን ወደ ኋላ ሲል ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ።

"ይቅመሱላት እንጂ ጋሼ፣ አያሳፍሯት" አለ ነመራ ከአልጋው ቀና ብሎ።

ማሩ ከጣቷ ላይ እየተዝለገለገ ወደ መዳፏ ይወርዳል።